በሥራ ላይ የሚደርስ የእጅና የጣት ጉዳትን መከላከል

በእንጨት ሥራ ቤት፣ በብረታ ብረት ሥራ፣ በጋራዥ፣ በዳቦ ቤት፣ በሥጋ ቤት፣ በወፍጮ ቤት ወይም በግንባታ ቦታ የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ የቤተሰብ አባል ካለዎት፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ የተዘጋጀ ነው። ስለ እጅ ጉዳት ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጓንትን ነው። ጓንት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጣት የሚያሳጡ ከባድ አደጋዎችን በዋናነት የሚያስቀረው ጓንት አይደለም። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ እንዲያውም እጅን ጎትቶ የሚያስገባው ጓንቱ ራሱ ነው። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እጅ ከሚሽከረከር፣ ከሚቆርጥ ወይም ከሚጨፈልቅ ነገር ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ ነው። እጅ ወደ ማሽኑ መግባቱ ግድ ሲሆን ደግሞ፣ ለምሳሌ ለማጽዳት ወይም የተቀረቀረ ነገር ለማውጣት፣ ማሽኑ ሊነሳ በማይችልበት ሁኔታ መቆሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትንሽ የሚመስል ቁስል ለምን ከባድ ሊሆን ይችላል?

በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ። ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ግን በጣቶቹ ውስጥ አይደሉም፤ ያሉት በመዳፍና በክንድ ላይ ነው። ጡንቻዎቹ ጣቶችን የሚስቡት እንደ ገመድ በተዘረጉ ጅማቶች አማካኝነት ነው። እነዚህ ጅማቶች በተለይ በእጅ ጀርባና በጣት መታጠፊያዎች ላይ ከቆዳው በታች ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ ደግሞ ስሜትን የሚያስተላልፉ ነርቮችና የደም ሥሮች አሉ።

በዚህ ምክንያት በላሜራ ወይም በጠርሙስ ስብርባሪ የተቆረጠ አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቁስል ጅማትና ነርቭ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ደሙ ቆሞ፣ ቁስሉ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ከሳምንታት በኋላ ጣቱ እንደማይታጠፍ የሚታወቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የተቆረጠ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ጥሩ ውጤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲቆይ ግን ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ይጠባበቃሉ፣ ቀዶ ሕክምናውም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኛውም የእጅ ቁስል ላይ ሁለት ነገር ይፈትሹ። እያንዳንዱ ጣት በየመታጠፊያው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል? የጣቱ ጫፍ በሁለቱም ጎን ሲነካ እንደ ሌሎቹ ጣቶች ይሰማዋል? አንዱ ጎድሎ ካገኙት ቁስሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አደጋው የሚደርሰው መቼ ነው?

ብዙ ሰው አደጋው የሚደርሰው ዋናው ሥራ እየተሠራ ሳለ ይመስለዋል። በተግባር ግን ከባዱ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከሥራው ጎን ባሉ ጥቃቅን ተግባሮች ላይ ነው፦ ማሽኑ ሲጸዳ፣ የተቀረቀረ ሊጥ፣ እንጨት ወይም እህል ሲወጣ፣ ቺንጋ ሲስተካከል፣ ምላጭ ወይም ዲስክ ሲቀየር። «ለአንድ ሰከንድ ነው» ተብሎ ማሽኑ ሳይጠፋ እጅ ይገባል። አንድ ሰው አደጋ አይቶ እጁን ለመሳብ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ክብ መጋዝ በዚያ ሩብ ሰከንድ ውስጥ ከ12 ጊዜ በላይ ይዞራል። ስለዚህ «ፈጣን ነኝ» የሚባለው ነገር በማሽን ፊት ዋጋ የለውም፤ የዓመታት ልምድ ያለው ሰውም ከጀማሪው የተለየ ጊዜ አያገኝም።

በአገራችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱም የመብራት መጥፋት ነው። ማሽኑ እየሠራ መብራት ይጠፋል። ሠራተኛው ማብሪያ ማጥፊያውን እንደተበራ ይተወዋል፣ ጊዜውን ለመጠቀምም ማሽኑን ማጽዳት ይጀምራል ወይም የተቀረቀረውን ለማውጣት እጁን ያስገባል። በዚህ መሃል መብራት ይመጣል። ማሽኑ በራሱ ይነሳል። መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለም። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሌላ ምንም ከማድረግዎ በፊት፣ ማጥፊያውን ይጫኑ፤ በሶኬት የሚሠራ ከሆነም ሶኬቱን ይንቀሉ።

ለዚህ ችግር ቴክኒካዊ መፍትሔም አለ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ሰው የማስነሻውን ቁልፍ እንደገና ካልተጫነው በቀር እንዳይነሳ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊገጠም ይችላል። በተራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ የቆየ መጋዝ፣ የሊጥ ማቡኪያ ወይም ወፍጮ ካለዎት ይህን ያስቀይሩ። አንድ ጥንድ ጥሩ ጓንት ከመግዛት በፊት ገንዘቡ ለዚህ ቢውል እመርጣለሁ።

ትላልቅ ማሽኖች ሲጠገኑ ወይም ሲጸዱ ሌላው ስጋት ሰው ነው። እርስዎ ውስጥ እጅዎን አስገብተው ሳለ ከበስተጀርባ የመጣ የሥራ ባልደረባ፣ ምንም ሳያውቅ፣ ያስነሳዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ኃይሉ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጥ፣ ማጥፊያው በቁልፍ ይቆለፍ፣ ቁልፉም እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ሁለት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሁለት ቁልፍ ይኑር። ከቆለፉ በኋላ ማስነሻውን አንድ ጊዜ ተጭነው በእርግጥ አለመነሳቱን ይሞክሩ፤ ከዚያም የሚሽከረከረው ክፍል እስኪቆም ይጠብቁ። ብዙ ማሽኖች ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መሽከርከራቸውን አያቆሙም።

መከለያው ለምን ይነሳል?

ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጡ በሚሽከረከረውና በሚቆርጠው ክፍል ላይ መከለያ አላቸው። ብዙ ሥራ ቤቶች ውስጥ ግን መከለያው ተነቅሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ምክንያቱን ሲጠይቁ «ሥራ ያዘገያል» ይሉዎታል። እውነታቸውን ነው፣ ትንሽ ያዘገያል። በተለይ ክፍያው በቀን ሳይሆን በተሠራው ቁጥር ሲሆን ያ መዘግየት ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። ስለዚህ «መከለያ አድርግ» ብሎ ሠራተኛውን መቆጣት ብቻውን አይበቃም። መከለያው ከሥራው ጋር እንዲስማማ ማስተካከልና በእሱ የሚጠፋውን ጊዜ በዋጋው ውስጥ ማስላት የሥራ ቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው።

ስለ ግራይንደር ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ትንሹ፣ ማለትም 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዘው ግራይንደር፣ በደቂቃ 11,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። ለትልቁ ግራይንደር የሚሠራው 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን በአብዛኛው እንዲሽከረከር የሚፈቀድለት እስከ 6,600 አካባቢ ነው። የትልቁን ዲስክ በትንሹ ላይ ለመግጠም መከለያው የግድ ይነቀላል፤ ዲስኩም ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ከሆነ አይግጠሙት። በግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ምላጭ መግጠምም እንዲሁ እጅግ አደገኛ ነው። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ አምልጦ ወደ ሌላኛው እጅ፣ ወደ ጭን ወይም ወደ ፊት ይመለሳል።

ጓንት መቼ ይደረጋል? መቼ ይወልቃል?

ጓንት የሚጠቅመው እርስዎ ዕቃውን ሲይዙት ነው፤ ላሜራና ቆርቆሮ ሲሸከሙ፣ ፌሮ ሲያነሱ፣ ብሎኬት ሲያቀብሉ፣ የጋለ ነገር ወይም ኬሚካል ሲነኩ። የሚጎዳው ደግሞ ማሽኑ እርስዎን ሊይዝዎት በሚችልበት ጊዜ ነው። በትራፓኖ፣ በቶርኖ፣ በክብ መጋዝ፣ በመላጊያ ማሽንና በማንኛውም ክፍት ሆኖ በሚሽከረከር ነገር ላይ ጓንት አያድርጉ። ባዶ ጣት የሚሽከረከር የትራፓኖ ጫፍ ቢነካ ሊቆረጥ ይችላል። ጓንት ያደረገ ጣት ቢነካ ግን ጨርቁ ይጠመጠምና ጣቱን፣ አንዳንዴም እጁን በሙሉ፣ ጠምዝዞ ይወስደዋል። ሰፊ እጅጌ፣ የሚንጠለጠል የጃኬት ገመድ፣ ሻርፕ፣ ነጠላና ያልታሰረ ረጅም ፀጉርም ተመሳሳይ አደጋ አላቸው።

ቀለበትም እንዲሁ። ከመኪና ላይ ሲዘሉ፣ ከመሰላል ሲወርዱ ወይም ዕቃ ሲያራግፉ ቀለበት አንድ ነገር ላይ ከተያዘና የሰውነት ክብደት ካረፈበት የጣቱን ቆዳ ከነደም ሥሩ ገፎ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳት ለማዳን ከሚከብዱት አንዱ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛና የመኪና መካኒክ ከሆኑ ደግሞ ቀለበት ባትሪና ሽቦ ሲነካ ወዲያው ግሎ ጣትን ዙሪያውን ያቃጥላል። የጋብቻ ቀለበትዎን በሥራ ሰዓት እቤት መተው ለትዳርዎ አክብሮት ማጣት አይደለም፤ ባለቤትዎም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

የጓንቱ ዓይነትም ይለያያል። ለላሜራ የሚሆነው ወፍራም ቆዳ ወይም መቆረጥን የሚቋቋም ጓንት ለኬሚካል አይሆንም። በሲሚንቶ ሥራ ላይ የጨርቅ ጓንት እርጥቡን ሲሚንቶ ይዞ ቆዳ ላይ ስለሚያቆየው ከባዶ እጅ አይሻልም። እርጥብ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካላይን በመሆኑ ቆዳን ቀስ በቀስ ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ውሃ የማያስገባ የጎማ ጓንት ያድርጉ፤ ጓንቱ ውስጥ ሲሚንቶ ከገባ ወዲያው አውልቀው በብዙ ውሃ ይታጠቡ።

በየሥራው ልብ የሚባሉ ነገሮች

በክብ መጋዝና በመላጊያ ማሽን ላይ ጣት የሚሄደው በአብዛኛው የመጨረሻው ትንሽ ቁራጭ ሲገፋ ነው። ለዚህ መግፊያ እንጨት ይጠቀሙ። ከቁርጥራጭ እንጨት በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው፤ ከማሽኑ ጋር በገመድ ታስሮ ቢቀመጥ ደግሞ «አጣሁት» አይባልም። የመጋዙን ምላጭ ከሚቆረጠው እንጨት ጥቂት ብቻ ከፍ ያድርጉት። አጭር እንጨት በመላጊያ ማሽን ላይ አይላጉ፤ በእጅ መላጊያ ይጨርሱት። በትራፓኖ ሲበሱ ብረቱን በእጅ አይያዙ፣ ትንሽም ቢሆን ሞርሳ ላይ ይሰር። የደነዘ ምላጭና ቢላዋ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅና ስለሚንሸራተት።

በዳቦ ቤት የሊጥ ማቡኪያው እየዞረ ሊጡን በእጅ መሞከር ወይም ዱቄት ከዳር መጥረግ የተለመደ ነው። ማቡኪያው ቀስ ብሎ ስለሚዞር አያስፈራም፤ ነገር ግን ክንድን ከያዘ ጉልበቱ ሰው ሊያቆመው የሚችል አይደለም። ፍርግርግ ክዳን ያለውን ይምረጡ፤ ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ የሚቆም ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በሥጋ ቤት ሥጋ ወደ መፍጫው በጣት አይገፋም፤ ለዚሁ የተሠራው መግፊያ አለ። አጥንት ለሚለዩ ሠራተኞች ቢላዋ ባልያዘው እጅ ላይ የሚደረግ ከብረት ሰንሰለት የተሠራ ጓንት አለ። ይህ ግን ለቢላዋ ነው፤ በአጥንት መቁረጫ መጋዝ ላይ አይደረግም።

በወፍጮ ቤትና በእህል መውቂያ ማሽን ላይ ዋናው አደጋ ቺንጋው ከሚዞርበት ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቺንጋው በሽቦ ወይም በቆርቆሮ መከለያ ይሸፈን። የመኖ መከትከቻና ወፍጮ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ልጆች የሚደርሱበት ቦታ አይሁን፤ ማሽኑ ሲያበቃም ሶኬቱ ተነቅሎ ይቀመጥ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ መርፌ ጣትን በስቶ ሲሰበር የሚታየው ቀዳዳ በጣም ትንሽ ነው፣ ነገር ግን የመርፌው ስባሪ አጥንት ውስጥ ሊቀር ይችላልና የተሰበረው መርፌ ክፍሎች ተገጣጥመው መሙላታቸው ይታይ፤ ካልሞሉ ራጅ ያስፈልጋል።

ድካምና እንቅልፍም ጣት ያስቆርጣሉ። በጾም ወቅት እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ የሚሠሩ ከሆነ የመቁረጥ ሥራውን ጠዋት፣ ቀለም መቀባትና ማጽዳት የመሳሰለውን ኋላ ያድርጉት። አንዳንድ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች፣ የአእምሮ ጤና እና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ያንቀላፋሉ። መድኃኒት ሲታዘዝልዎ በማሽን የሚሠሩ መሆንዎን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የሥጋ ደዌ ታክሞ የዳነ ሰው በእጁ ላይ ስሜት ሊያጣ ስለሚችል ቃጠሎና ቁስል ሳይሰማው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በየዕለቱ ሥራ ሲጨርስ እጁን በብርሃን ቢመለከት፣ ካልታየው ቤተሰብ ቢያይለት ይመከራል።

በግፊት የሚረጭ ነገር፦ ቀዳዳው ትንሽ፣ አደጋው ትልቅ

ይህን ክፍል በጋራዥ፣ በቀለም ቅብና በከባድ ማሽነሪ ጥገና የሚሠሩ ሁሉ ቢያነቡት እንወዳለን። የግሪስ መሙያ፣ የቀለም መርጫ፣ የናፍጣ ኢንጀክተርና የሃይድሮሊክ ቱቦ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት ያወጣሉ። የፈሳሹ ጨረር ጣትን ቢመታ በመርፌ እንደተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። መጀመሪያ ላይ ሕመሙም ደሙም ትንሽ ነው። ሰውየው ጣቱን ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል። በውስጥ ግን ቀለሙ ወይም ዘይቱ በጅማቶቹ መስመር ተከትሎ ወደ መዳፍ ገብቷል፤ ሥጋውን እየመረዘ፣ እብጠቱም የደም ሥሮችን እያፈነ ነው። ሌሊት ላይ ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ሕመሙ አያስተኛም።

ይህ ድንገተኛ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው። ሰዓታት ዋጋ አላቸው፤ በዘገየ መጠን ጣቱን የማጣት ዕድሉ ይጨምራል። ጣቱ ባያምም እንኳ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፣ የገባው ነገር ምን እንደሆነ (ቀለም፣ ግሪስ፣ ናፍጣ፣ ቲነር) ይናገሩ፣ የሚቻል ከሆነ ጣሳውን ወይም ስሙን ይዘው ይሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ የሚያየው ሰው «ምንም አይደለም» ብሎ ፕላስተር ለጥፎ ሊመልስዎ ይችላል። በግፊት የገባ መሆኑን ደግመው ያስረዱ፣ የአጥንት ወይም የእጅ ቀዶ ሐኪም እንዲያይዎትም ይጠይቁ። ለመከላከሉ ደግሞ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚያፈስበትን ቦታ በጣት አይፈልጉ፤ ካርቶን ያሳልፉበት። የመርጫውን ጫፍ ሲያጸዱ አስቀድመው ግፊቱን ያውጡ።

ጉዳት ከደረሰ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ማሽኑ ከኃይል ምንጩ ይለያይ። እጅ በማሽን ውስጥ ከተያዘ በጉልበት አይጎትቱት፤ ማሽኑንም መልሰው አያስነሱ። ሥጋ መፍጫ ከሆነና እጁን የያዘው ክፍል ሊፈታ የሚችል ከሆነ ፈትቶ ከነእጁ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይቻላል።

የሚደማ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አጥብቀው ይጫኑ፣ እጁን ከልብ ከፍ ያድርጉት፣ ለ10 ደቂቃ ሳይለቁና እየገለጡ ሳያዩ ይያዙት። አብዛኛው የእጅ መድማት በዚህ ይቆማል። ጣትን በላስቲክ ወይም በክር ጥብቅ አድርገው አይሰሩ። እብጠት ከመጀመሩ በፊት ቀለበት ካለ ያውልቁ። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሌላ ነገር አይነስንሱ፣ አይቀቡ። እነዚህ ደሙን ያቆሙ ቢመስሉም ቁስሉን ያቆሽሻሉ፣ ሐኪሙም ከማየቱ በፊት ፍቆ ሊያወጣቸው ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ያምማል። ቃጠሎ ከሆነ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙት፤ በረዶ አያድርጉበት። ኬሚካል ከሆነ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ ይታጠብ።

የሚከተሉት ከታዩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ፦ መድማቱ በመጫን የማይቆም ከሆነ፣ ጣት ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ካልታጠፈ ወይም ካልተዘረጋ፣ ከደነዘዘ፣ አጥንት ከታየ፣ ጣቱ ከተጣመመ፣ በግፊት የገባ ነገር ካለ፣ ወይም አካል ከተቆረጠ። መኪና ካላገኙ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በቀጣዮቹ ቀናት ጣቱ በሙሉ ካበጠ፣ ተጣጥፎ ከቆየና ለመዘርጋት ሲሞከር ብርቱ ሕመም ካመጣ፣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ መግል ወደ ጅማቱ ሽፋን ወይም ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ መጠበቅ እዚህ ላይ አይሠራም።

ጣት ተቆርጦ ከወደቀ

የወደቀውን ጣት ያግኙት። ቆሻሻ ከያዘ በንጹህ ውሃ በቀስታ ያለቅልቁት፤ በአልኮል ወይም በሳሙና አይሹት። በግሉኮስ መልክ በሚሸጠው የጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) ወይም በንጹህ ውሃ ረጥቦ በተጨመቀ ንጹህ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ንጹህ ፌስታል ውስጥ ከተው አጥብቀው ይሰሩት፣ ፌስታሉን ደግሞ ውሃና በረዶ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ፣ ውሃ ውስጥም አይነከር፣ ፍሪዘር ውስጥም አይግባ። በዚህ መልክ የቀዘቀዘ ጣት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ሳይቀዘቅዝ ግን 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የተቆረጠው ከእጅ አንጓ በላይ ከሆነ ጊዜው ከዚህ በጣም ያጥራል።

የተቆረጠን ጣት መልሶ መስፋት በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና በመሆኑ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። የተፈጨ ወይም የተጨፈለቀ ጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊሰፋ አይችልም። ቢሆንም የተቆረጠውን ክፍል ይዘው ይሂዱ፤ ቆዳው ወይም ጥፍሩ ቁስሉን ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል። ሊሰፋ ይችላል አይችልም የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለተጎዳው ሰውም አስቀድመው «ይመለስልሃል» ብለው ቃል አይግቡ።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት

አፈር፣ ዝገት ወይም እበት የነካው የእጅ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ሊያመጣ ይችላል። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ይህን ክትባት የመውሰድ ዕድል አላቸው። በጋራዥና በግንባታ የሚሠሩ ብዙ ወንዶች ግን ከልጅነታቸው ወዲህ አልወሰዱም፣ ጭራሹን ያልወሰዱም አሉ። ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው ክትባት ከተወሰደ 5 ዓመት ካለፈ፣ ለንጹህ ቁስል ደግሞ 10 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። ጨርሶ ላልተከተበ ወይም ለማያስታውስ ሰው ሐኪሙ ተጨማሪ መርፌ ሊያዝ ይችላል። መቼ እንደወሰዱ በስልክዎ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ።

ወጌሻ ጋ ከመሄድዎ በፊት

ጣት ወይም እጅ ተሰብሮ ወጌሻ ጋ መሄድ በብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነው። ትልቁ ስጋት የማሰሪያው ጥብቀት ነው። የተጎዳ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ስለሚያጣ ደም ይቋረጣል፣ እጁም ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት በቀላሉ ይድን የነበረ ስብራት እጅ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ቁስል ያለበት ስብራት ለወጌሻ የሚሰጥ አይደለም። በማንም ቢታሰር፣ በሆስፒታል ጀሶም ቢሆን፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከነጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ። «ጠዋት እናየዋለን» አይባልም።

ወደ ሥራ መመለስና መብት

እጅ ከሕክምና በኋላ ቶሎ ይደርቃል። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ያልተጎዱትን ጣቶች፣ ክርንና ትከሻን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቀሳቅሱ፣ እጅዎንም በአንገት ማንጠልጠያ ወይም ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። የተሰፋ ጅማት ካለ ግን ያለ ፊዚዮቴራፒስት መመሪያ በራስዎ አይሞክሩ፤ ሊበጠስ ይችላል። ሲጋራ ወደ ጣት የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ ቁስሉ እስኪድን ቢያንስ ይታቀቡ። ፋሻ ባለበት እጅ ወደ ሚሽከረከር ማሽን አይመለሱ፤ ፋሻው እንደ ጓንቱ ይጠመጠማል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ መመሪያ እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ አለበት። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስም የመጀመሪያ እርዳታ በወቅቱ መስጠትና የተጎዳውን ሰው ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ ወደ ቅርብ የሕክምና ተቋም ማድረስ አለበት። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነቱ አይቀርም። ሆኖም ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከተገኘ ጉዳቱ ሆን ተብሎ እንደደረሰ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ «መከለያውን አንሥተህ ሥራ» የሚል የቃል ትእዛዝ ሲመጣ ማን እንዳለና መቼ እንዳለ ያስታውሱ። ለጊዜው ከሥራ ያገደ ጉዳት ከሆነ አዋጁ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ይደነግጋል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ሠራተኛውን ከእነዚህ መብቶች አያስወጣውም።

የተጎዳው ሰው ሕመም ላይ ስለሆነ ይህን የሚያስታውስ ቤተሰብ ነው። ሆስፒታል ካርድ ሲወጣ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያስጽፉ፤ የራጅና የመድኃኒት ደረሰኞችን፣ የሐኪም ፈቃድ ወረቀቱንም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ያዩ የሥራ ባልደረቦችን ስም በዚያው ቀን ይያዙ፤ በግንባታ ሥራ ላይ ሰው ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳልና።